አባዮ፣ እንጠብቅሻለን

ድምፁን የቀዳነው ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። የባጃጅ ጩኸት እንዳይገባ በሩን በፍራሽ ደግፈን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደናል። የምታነበው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ አይቻልም፣ ያዋለደቻቸው እናቶች በየደረሰችበት ያስቆሟታል። እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ። አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው ቀሩ፤ አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ በጤና መረጃ ተመርቄ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ሶማሊኛዬን የለቀምኩት ኳስ ሜዳ ስለሆነ፣ “ቋንቋህ የጎረምሳ ነው፣ ትልቅ ሰው ፊት አትናገርበት” እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጊዜው የኮሮና ጭምብል ከፊታችን መውረድ የጀመረበት ነው። ሁለታችንም የተቀጠርንበት ጥናት አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ነፍሰ ጡር እናት በገዛ ቋንቋዋ ስልክ ቢደወልላት ለክትትል ትመጣለች ወይ? በሲቲ ዞን፣ በአፍደምና በደምበል አካባቢ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ታብሌት ተሰጣቸው። እናቶችን እዚያ ላይ ይመዘግባሉ። ዳታ ሲገኝ ታብሌቱ የያዘውን ወደ ጅግጅጋ ይልካል፤ እዚህ ያለው ኮምፒውተር የእያንዳንዷን ወር ይቆጥርና ቀጠሮዋ፣ ከወለደች በኋላም የልጇ ክትባት፣ ሲቃረብ ራሱ ይደውላል። የሚሰማው ድምፅ የተቀዳ ነው። ደዋይ ሰው የለም።

እኔ በዚህ ነገር ከልቤ አምን ነበር። ከዚያ በፊት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። የወረቀት ካርድ እንደ ማገዶ በተከመረበት ክፍል ውስጥ የአንዲትን ሴት ካርድ ስንፈልግ ሴትዮዋ ውጭ ፀሐይ ላይ ትቆያለች። ካጣነው አዲስ ካርድ እናወጣላታለን። ባለፈው ወሊድ ደም ፈሷት ለጥቂት የተረፈች ሴት፣ ምንም እንዳላገኛት ሰው እንደገና አዲስ ትሆናለች። ታብሌት አይረሳም፣ ካርድም አይጠፋበትም ብዬ ነበር የገባሁበት።

ሲስተር ተተርጉሞ የመጣውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ በዓይኗ አየችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

“ይህን አላነብም” አለች።

“ምን ሆነ?”

“‘ቀንሽ ደርሷል’ ይላል። ነፍሰ ጡር እንዲህ ተብላ ትጠራለች? ይህ የመልአከ ሞት ጥሪ ነው።”

“ታዲያ ምን እንበል?”

ትንሽ አሰበች። “‘አባዮ፣ እንጠብቅሻለን’ ይበቃል። እህቴ ብለህ የጠራሃት ሴት ትመጣለች።”

አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። እንዳለችው ቀዳናት። ጮክ ሳትል፣ ጎረቤቷን በአጥር ላይ እንደምትጠራ ሆና ነው የተናገረችው።

እናቶቹ መጡ። ሁሉም ባይሆኑም ከበፊቱ ይልቅ መጡ። የአፍደሟ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ገና ወጣት ልጅ ናት፣ ስትደውልልኝ “እናቶቹ ያቺ እህታችን የትኛው ክፍል ናት እያሉ ይጠይቁኛል” ትለኝ ነበር። ለሲስተር ስነግራት ፈገግ ትልና ወደ ማዋለጃ ክፍሏ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ደወለች። ድምፅዋ ሌላ ነበር።

“አንድ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ አልነሳም ብሏል።”

“ምን ፈልጎ ነው?”

“ሚስቱ ከወለደች በኋላ ሞታለች። ያኔውኑ ታብሌቱ ላይ ሞልቼዋለሁ፤ ግን እዚህ ኔትወርኩ ለመደወል እንጂ ለዳታ አልሆን ካለ ሰንብቷል። አልተላከም። ማሽኑ ትናንት ደወለላት። ዛሬም ደወለላት።”

ከወዲያ በሶማሊኛ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ድምፅ ነው። “ይተዋት በይው። በቃ ይተዋት” ይላል።

የሴትዮዋን መዝገብ ከጅግጅጋ ሆኜ በእጄ ፈልጌ አወጣሁት። ክትትሏን አንድም ቀን አላጓደለችም። በየቀጠሮዋ መጥታለች። ከሚመረጡት ቃላት “ሞት” የሚለውን ተጫንኩ፤ ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። መዝገቡ ተዘጋ።

ሲስተርን ማዋለጃ በር ላይ አገኘኋት። የሆነውን ስነግራት ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

“የኔ ድምፅ ነው” አለች። ከዚያ ጓንቷን ጣለችና “እንሂድ” አለች።

“የት?”

“ለቅሶ ነዋ! የት ይሆናል?”

የጥናቱ ኃላፊ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ዶክተር ነበር። ቁጥብ ሰው ነው፤ ሥራውን ከሥራ ሰዓት ውጭ አያወራም። ነገሩን ስንነግረው አልተከራከረም፤ መኪናውን ከነሹፌሩ ሰጠን። “ስለ ጥናቱ አትናገሩ። ይቅርታ ጠይቁና ተቀመጡ” ብቻ አለን።

ካራማራን ወጥተን፣ በባቢሌና በሐረር አድርገን ወደ ድሬዳዋ ወረድን፤ እዚያ አድረን በማግሥቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ወደ አፍደም ቀጠልን። ዐቢይ ጾም ነበር። ሲስተር ለወትሮው መንገድ ላይ ወሬ አታቋርጥም፤ ያን ቀን ግን መስኮቱን ይዛ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ “ስሟን ታውቀዋለህ?” አለችኝ። ነገርኳት። ደግማ ለራሷ አለችው።

ቤቱ ከአፍደም ወጣ ባለ መንደር፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ አጠገብ ነው። ኤክስቴንሽኗ ልጅ አደረሰችን። ባልየው በአህያ ጋሪ ውሃ እያመላለሰ የሚኖር፣ ከኔ ብዙ የማይበልጥ ሰው ነው። ተነስቶ ጨበጠንና ምንጣፍ ዘረጋ። የሟች እናት በማእዘኑ ተቀምጠው ሕፃን ታቅፈዋል። ሴት ልጅ ናት፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። እኔ በሶማሊኛ ትዕግሥትና እምነት ይስጣችሁ አልኩ፤ በለቅሶ ቤት የሚባለው እሱ ነው። አሮጊቷ ወዲያው በአማርኛ መለሱልኝ።

“ተቀመጥ ልጄ። እኔ አማርኛ ባቡር ጣቢያ ነው የተማርኩት። ሻይ እሸጥ ነበር፣ ለሠራተኞቹ።” ከዚያ ወደ ባልየው እህት ዞረው ሻይ በወተት ሲያስቀዱ፣ እኔን አየት አደረጉና “ለሱ ያለ ወተት ይሁን፤ ጾማቸው ነው” አሉ።

ይህ ደግነት አንገቴን አስደፋኝ። በዚያ ሐዘን መሀል ስለኔ ጾም የሚያስቡ ሰው አገኛለሁ አላልኩም ነበር።

ሲስተር እስካሁን አልተናገረችም። አሁን ከጎናቸው ሄዳ ተቀመጠችና በሶማሊኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሐዘናቸውን እንደምትካፈል ነገረቻቸው። ገና ሁለተኛው ቃል ላይ አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ። ሻዩን የምትቀዳው ሴት ቆመች። ባልየው ቀና አለ።

“አንቺ ነሽ?” አሉ አሮጊቷ።

ሲስተር ወደ እሳቸው ዞረች።

“ልጄን የምትጠሪያት አንቺ ነሽ። ድምፅሽን አውቀዋለሁ።”

“አዎ፣ ሆዮ” አለች ሲስተር፤ ሆዮ ማለት እናቴ ማለት ነው። “እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ። መሞቷን አላወቅኩም።”

አሮጊቷ የሲስተርን እጅ ያዙ። እንደማልቀስ፣ እንደመሳቅም አደረጋቸው። “ትመልስልሽ ነበር እኮ” አሉ። “ስልኩ ሲያናግራት ሥራዋን ትታ ‘እመጣለሁ አባዮ፣ እመጣለሁ’ ትላለች። ትሰማኛለች ብላ ነው። የተቀዳ ነው ይላታል ባሏ። ‘ባትሰማኝም ነውር ነው፣ የጠራ ሰው ይመለስለታል’ ትለዋለች።”

ሲስተር ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች። ከጅግጅጋ ጀምራ የያዘችው ዕንባ እዚያ ወረደ። ማንም ዝም በይ አላላትም፤ እኔም ወደ በሩ ዞርኩ።

ሲረጋጋ ባልየው ራሱ ነገረን። ማንም አልጠየቀውም። ምጡ ከቀኑ ቀድሞ መጣባት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት ሄደ፤ በሰላም ወለደች። ከዚያ ደሟ አልቆም አለ። ያሉት ባለሙያዎች የሚችሉትን አድርገው ወደ ድሬዳዋ ሆስፒታል ትሂድ አሉ። አምቡላንሱ ሌላ ምጥ የያዛት እናት ጭኖ ሄዷል። ባልየው አስፋልት ዳር ወጥቶ የጭነት መኪና ለመነ።

“ጭንቅላቷ እዚህ ነበር” አለ፣ ጭኑን እየነካ። “ኤረር ሳንደርስ ዝም አለች። ሹፌሩ ቀጥል አልቀጥል ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥል አልኩት። ድሬዳዋ ድረስ ቀጥል አልኩት።”

ሻዩ ቀዘቀዘ። ዶክተሩ ያለንን አስታውሼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መዝገቧን እንደዘጋሁት፣ ከእንግዲህ ስልኩ እንደማይደውል ነገርኩት።

“ጥሩ ነው” አለ። “አይደውል።”

“ልጅቷንስ ማን ይጠራታል?” አሉ አሮጊቷ።

አልገባኝም። ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠግተው አስረዱኝ። የጎረቤታቸው ልጅ ኔትወርኩ ሳይበላሽ፣ ከሷ ጥቂት ቀን ቀድሞ ነው የተወለደው። የዚያ ልጅ እናት ለክትባት በስልክ ተጠርታ ሄዳ መጥታለች። የነሱ ስልክ ሟቿን ሁለት ቀን ጠርቶ በሕይወት ስላለችው ልጅ አንድም ቃል አልተናገረም። እሳቸውም ይጠሩናል ብለው ሲጠብቁ ሰነበቱ።

ኤክስቴንሽኗ ታብሌቷን አወጣች። አብረን አየነው። ሕፃኗ በተወለደች ቀን ተመዝግባለች፤ ግን የልጅ መዝገብ በእናቱ መዝገብ ሥር የተንጠለጠለ ነው። ኤክስቴንሽኗ እዚያው ታብሌት ላይ “ሞት” ብላ ስትሞላ ሕፃኗም አብራ ከዝርዝሩ ወጥታለች። ጅግጅጋ ላይም እኔ የእናቷን ስለዘጋሁ፣ ብትላክ እንኳ አትገባም። ማሽኑ እንዲህ ተደርጎ ነው ወደኛ የመጣው፤ እናት ሞታ ልጅ ይተርፋል ብሎ ያሰበለት ሰው አልነበረም።

ለሰዎቹ እንደሆነው ነገርኳቸው። ባልየው በትዕግሥት ሰማኝ።

“እናት የሌላት ልጅ እናንተ ዘንድ የለችም ማለት ነው?” አለ።

“ማሽኑ ላይ የለችም” አልኩት።

ኤክስቴንሽኗ ለመርዳት ብላ የሕፃኗን አያት እንደ እናት አድርጋ ልትመዘግብ ሞከረች። ማሽኑ ዕድሜያቸውን አልቀበልም አለ፤ በዚህ ዕድሜ አይወለድም ማለቱ ነው። “እንግዲያው በአክስቷ ስም ላስገባት፤ ማን ያውቃል” አለች፣ ሻይ የቀዳችውን የባልየውን እህት እያሳየች።

“አይሆንም” አሉ አሮጊቷ። “እናቷ ልጄ ናት። ስለሞተች ልጇን ለሌላ ሴት አልጽፍባትም።”

ያን ቀን የሆነውን መልካም ነገር ያደረገችው ሲስተር ናት። ተነሳችና ዕንባዋን ጠረገች። “ክትባት ማሽን አይጠይቅም” አለች። “ተነሱ፣ አሁኑኑ እንሂድ።” አሮጊቷ ሕፃኗን እንደታቀፉ ከኛ ጋር መኪናው ውስጥ ገቡ፤ ባልየው ጋሪውን ለሰው ሰጥቶ መጣ። ጤና ኬላው ደርሰን ያለፋት ሁሉ ተሰጣት፤ የወረቀት ካርድ ወጣላት። ሕፃኗ መርፌው ሲገባ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። አባቷ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “እናቷን ነው የምትመስለው” አለ።

ጅግጅጋ ስንመለስ ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ ሰማን። የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ የመረጃ አቀማመጡን፣ የተንጠለጠለውን መዝገብ እያብራራሁ።

“ገብቶኛል” አለ። “ግን ጥናቱ መሀል ላይ ነው። አሁን ሥርዓቱን ብንነካ የሰበሰብነው ከሚመጣው ጋር አይነጻጸርም። ሲያልቅ በምክረ ሐሳብ እናስገባው።”

“ሲያልቅ ልጆቹ ስንት ዓመት ይሆናቸዋል?” አለች ሲስተር።

“የትኞቹ ልጆች? አንዲት ልጅ አይደለችም?”

ሲስተር ወደኔ ዞረች። እኔም እስከዚያ ያላጣራሁት ነገር ነው፤ ማየት ፈርቼ ነበር። እዚያው ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ እናታቸው ሞታ መዝገባቸው የተዘጋ ልጆችን ፈለግሁ። ብዙ አልነበሩም፤ ግን አንዲት ብቻም አልነበረችም። ደምበል ላይ አሉ፤ ሌላም ቦታ አሉ። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ስክሪኑን ቀረብ ብሎ አየ። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ አጠራሩ ይስታል፣ ሲስተር እያረመችው። ሲጨርስ መነጽሩን አላደረገም።

“እኔም ያደግሁት በአክስቴ እጅ ነው” አለ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። “ደብዳቤውን አርቅቀው። እኔ እፈርማለሁ። ጥናቱ ይበላሻል ካሉ መልሱን እኔ እሰጣለሁ።”

ለማሻሻያው ጥናቶችን የሚገመግመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማስፈለጉ፣ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች መልስ መዘግየቱ፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ሁሉም ነገር መቆሙ ወራት ወሰደ። እኛ ግን እስኪስተካከል አልጠበቅንም፤ ሲስተርና እኔ የልጆቹን ዝርዝር ለየኤክስቴንሽን ሠራተኛው እየደወልን ነገርን፤ ደምበል ራሳችን ሄድን። አንዳንዶቹን አገኘናቸው። አንዱ ቤተሰብ ከብቱን ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ ሄዷል ተባለ፤ ያን ልጅ እስከ ዛሬ አላገኘነውም። አንዲት ሕፃን ከእናቷ ቀጥላ ሞታ አገኘናት። የሞተችው በክትባት እጦት ይሁን በሌላ ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። ሲስተር የዚያን ቀን ምሳ አልበላችም።

በመጨረሻ ማሽኑ ተስተካከለ። የልጅ መዝገብ ለብቻው መቆም ቻለ፤ ከእናት ቀጥሎ “አሳዳጊ” የሚል ቦታ ገባ፤ ዕድሜም አይጠይቅም። የእናትየው ስም ከነሞቷ ልጅዋ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ያን ያስጨመረችው ሲስተር ናት፤ የአሮጊቷን ቃል አልረሳችውም። አዲስ ድምፅም ቀዳን። ግምጃ ቤቱ ዕቃ ሞልቶት ስለነበር በዶክተሩ መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተን ቀዳን። ምን ብላ እንደምትጠራቸው ስትጨነቅ ዋለች፤ አሳዳጊው አያት ሊሆን ይችላል፣ አባት ሊሆን ይችላል፣ አክስት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ “ልጁን የያዛችሁ ሆይ” ብላ ጀመረች።

ጥናቱ አልቆ ውጤቱ አዲስ አበባ ሲቀርብ እኔም ተጠርቼ ነበር። ዶክተሩ ስላይዶቹን አንድ በአንድ አሳየ። የኛ ነገር “በሂደት የአሳዳጊ መረጃ ተካቷል” በሚል አንድ መስመር አለፈ። አዳራሹ ውስጥ ማንም ጥያቄ አላነሳበትም። ዶክተሩ ግን እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆም አለ፤ ውሃ ጠጣና ቀጠለ።

ሲስተር አሁን ጡረታ ወጥታለች፤ ጅግጅጋ እቤቷ ናት። እኔ ሥራዬን ወደ ሪፈራል አዛወርኩ፤ ታካሚ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው ሲላክ መረጃው ቀድሞት እንዲደርስ የሚያደርግ ሌላ ፕሮጀክት ነው። በዚሁ ሥራ ባለፈው ዓመት አፍደም ሄድኩ። ባልየውን ገበያ ውስጥ ከጋሪው ጋር አገኘሁት። አወቀኝ። ልጅቷ እየሮጠች ነው አለኝ፤ ክትባቷን ጨርሳለች፤ አያቷ አማርኛ ሊያስተምሯት ይሞክራሉ፣ እሷ እምቢ ብላለች። የተሸከምኩትን አዲስ ታብሌት አየና ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ባጭሩ ነገርኩት።

“ደም የሚፈሳት ሴት ስትኖር” አለ፣ “ይህ መኪና ያመጣል?”

“መኪና አያመጣም” አልኩት። “እየመጣች መሆኗን ሆስፒታሉ ቀድሞ እንዲያውቅ ያደርጋል።”

ራሱን ነቀነቀ። “እሱም ጥሩ ነው” አለ። “ግን መኪናውንም ንገሩልን።”

እናገራለሁ አልኩት። አህያውን ቸብ አድርጎ ወደ ውሃው ሄደ። በየስብሰባው እናገራለሁ፤ አንዳንዱ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ አይጽፈውም።